አባ ሲኖዳና የሰማዕታት ዐፅም

ሐምሌ 7 ቀን በስንክሳራችን መታሰቢያው የሚነበብለት አባ ሲኖዳ ለቤተ ክርስቲያናችን ልጆች እንግዳ አይደለም። ገድሉ ወደ ግእዝ ተተርጕሞ በገዳሞቻችን ሲነበብ ኖሯል። የገዳም አባትነቱን፥ ትሕርምቱን፥ ከቅዱስ ቄርሎስ ጋራ ወደ ኤፌሶን መሄዱን የማያውቅ ካህን ጥቂት ነው። እኛ ግን በዛሬው ጽሑፋችን ልናወሳው የፈለግነው ገድሉ ብዙ የማይናገርለትን፥ ከራሱ ስብከቶች የሚገኘውን አንድ ነገር ነው፤ ይኸውም ይህ ሰማዕታትን እጅግ የሚወድ አባት በዘመኑ የሰማዕታት ዐፅም ነው እየተባለ ከምድር ስለሚወጣው አጥንት ያነሣው ክርክር ነው። ክርክሩም ከአረማውያን ጋራ ሳይሆን ከገዛ ወንድሞቹ ከክርስቲያኖች ጋራ ነበር። (በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቈጣጠር ናቸው።)

አባ ሲኖዳ የተወለደው በላይኛው ግብጽ፥ በአክሚም አውራጃ፥ ሸናሎሌት በምትባል መንደር ነው። የልደቱን ዘመን ብዙዎች ወደ 348 ዓ.ም. ያደርጉታል። ወላጆቹ አራሾችና በግ አርቢዎች ነበሩ። ደቀ መዝሙሩ አባ ዊሳ እንደ ተረከልን፥ ሕፃኑ ከእረኛ ጋራ በጎችን ሲጠብቅ ይውልና ማታ ወደ ቤቱ ሲሰናበት በቀጥታ አይሄድም ነበር፤ በመንገድ ወደሚገኝ ውኃ ወርዶ እስከ አንገቱ ቆሞ ይጸልይ ነበር። ልጁ ስለ ዘገየ እናቱና አባቱ እረኛውን ቢወቅሱት፥ እረኛው ተከትሎ ሄዶ የሕፃኑ ዐሥሩ ጣቶች እንደ መብራት ሲያበሩ አየ። ከዚህ በኋላ አባቱ የእናቱ ወንድም ወደ ሆነው ወደ አባ ብጎል ወሰደው፤ ሽማግሌው መነኮስም ልጁን ይባርካል ተብሎ ሲጠበቅ የሕፃኑን እጅ ይዞ በገዛ ራሱ ላይ አኖረ፤ በረከትን ከእርሱ ፈለገ ማለት ነው። ስሙም በቅብጥ ቋንቋ የእግዚአብሔር ልጅ ማለት ነው።

ወደ 385 ዓ.ም. ገደማ የገዳሙን አስተዳደር ተረከበ። ይህ ገዳም ዛሬ በሶሃግ ከተማ አጠገብ የሚገኘውና በግንቡ ድንጋይ መልክ ነጩ ገዳም የሚባለው ነው። ከእርሱም ጋራ ቀዩ ገዳም የሚባለው ሌላ የወንዶች ገዳምና በአትሪብ የነበረው የሴቶች ገዳም በአንድ ሥርዐት ይተዳደሩ ነበር። የዐረብኛው ገድል የመነኮሳቱን ቍጥር 2,200፥ የመነኮሳይያቱን 1,800 ያደርሰዋል። ይህን ያህል ሕዝብ በአንድ ሕግ ማኖር ቀላል እንዳልነበረ አባ ሲኖዳ ራሱ የጻፋቸው ዘጠኝ የሥርዐት መጻሕፍት ይመሰክራሉ። ቍጣው ብርቱ ነበር፤ ጥፋተኛውን በበትር ያስቀጣ ነበር፤ ለሴቶቹ ገዳም በላከው አንድ ደብዳቤ የእያንዳንዲቱን ስምና የምትቀበለውን የበትር ቍጥር ለይቶ አመልክቷል። ይህን መሸሸግ ለቅዱሱ ክብር አይጨምርለትም። ነገሩን ሁሉ አጥብቆ የሚይዝ፥ የማይመረምረው የሌለ ሰው እንደ ነበረ ካላወቅን ስለ ዐፅም የተናገረውንም በልኩ አንረዳውም።

አሁን የክርክሩን ምክንያት ለማስረዳት ስለ አገሩ ጥቂት እንናገር። በ303 ዓ.ም. የተጀመረው የዲዮቅልጥያኖስ ስደት በላይኛው ግብጽ ላይ እንደ በረታ የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ጸሐፊ አውሳብዮስ በዐይኑ አይቶ ጽፏል፤ በአንድ ቀን ብዙዎች ይታረዱ፥ በእሳትም ይቃጠሉ ነበር። የግብጽ ክርስቲያኖች ዘመናቸውን ከዚህ ንጉሥ መንገሥ ከ284 ዓ.ም. ጀምረው የሚቈጥሩትና ዓመተ ሰማዕታት የሚሉት ስለዚሁ ነው። እንግዲህ አባ ሲኖዳ አበ ምኔት በሆነ ጊዜ ስደቱ ካበቃ ሰባ ዓመት ያህል ብቻ ነበር፤ አያቱ በሰማዕትነት የሞተበት ሰው በየመንደሩ ይገኝ ነበር። የብዙዎቹ መቃብር ግን አልታወቀም፤ በሌሊት በችኰላ የተቀበረ፥ ወደ ወንዝም የተጣለ ብዙ ነውና።

በሌላ ወገን ደግሞ የግብጽ ምድር ሙታንን የማታጠፋ ምድር ናት። ዝናም በማይዘንብበት አሸዋ የተቀበረ ሥጋ ሺሕ ዓመት ቢቈይ አይፈርስም። በአክሚም ዙሪያ ያለው የመቃብር ስፍራ ከፈርዖኖች ዘመን ጀምሮ ትውልድ በትውልድ ላይ የተቀበረበት ነው። ስለዚህ በዚያ አገር አንድ ሰው ሰማዕት በሕልሜ ታየኝ፥ ከዚህ ስፍራ ቈፍራችሁ አውጡኝ አለኝ ብሎ ቢናገርና ሕዝቡም መቈፈሪያ ይዞ ቢወጣ፥ አጥንት ሳያገኝ የሚመለስበት ቀን አልነበረም። ሕልሙ እውነት ቢሆንም ባይሆንም ጕድጓዱ ባዶ አይሆንም። የአባ ሲኖዳ ክርክር ሁሉ ከዚህ ይነሣል።

ከእርሱ በፊትም ቢሆን ነገሩ የአባቶችን ልብ አስጨንቆ ነበር። ጥር 22 ቀን የምናከብረው አባ እንጦንስ በ356 ዓ.ም. ከማረፉ በፊት ሁለቱን ደቀ መዛሙርት ሥጋውን በምድር እንዲቀብሩና ስፍራውን ለማንም እንዳይናገሩ አዘዛቸው። የዚያን ጊዜ ግብጻውያን የቅዱሳንን ሥጋ በበፍታ ገንዘው በየቤታቸው በአልጋ ላይ ያኖሩት ነበርና፥ በእርሱም ሥጋ እንዲህ እንዳያደርጉ ፈራ። የእንጦንስን ሕይወት የጻፈው ቅዱስ አትናቴዎስም በ369 እና በ370 ዓ.ም. ለፋሲካ በጻፋቸው መልእክታት የመሊጦስን ወገኖች በብርቱ ወቅሷቸዋል። እነዚህ ተገንጣዮች የሰማዕታትን ሥጋ ከመቃብር እያወጡ ያዞሩ ነበር፤ ጋኔን ያደረባቸውንም ሰዎች ወደዚያ እያመጡ፥ በእነርሱ አፍ የሚናገረው ርኩስ መንፈስ የሚለውን እንደ ትንቢት ይቀበሉ ነበር። ታላቁ አትናቴዎስ አባቶችና ነቢያት በክብር እንደ ተቀበሩ ከመጽሐፍ አሳይቶ ዐፅማቸውን የነቀለ እንዳልነበረ ተናገረ። መሊጦስ ጳጳስ የነበረባት ሊቆጶሊስ፥ ማለት ያሁኗ አስዩጥ፥ ከአክሚም ሩቅ አይደለችም። አባ ሲኖዳም የእስክንድርያ አባቶችን ትምህርት አጥብቆ የያዘ ሰው ነው። የአትናቴዎስን ቃል ወርሶ በገዛ አገሩ ላይ አዋለው።

የስብከቱ ቃል ወደ እኛ የደረሰው በብዙ ድካም ነው። የነጩ ገዳም ታላቅ ቤተ መጻሕፍት በኋላ ዘመን ተበትኖ ቅጠሎቹ እየተነጣጠሉ ወደ ሮማ፥ ወደ ናፖሊ፥ ወደ ፓሪስ፥ ወደ ሎንዶን፥ ወደ ቪየና ተወስደዋል። ስቲቨን ኤመል የተባሉ የቅብጥ ቋንቋ ሊቅ የትኛው ቅጠል ከየትኛው መጽሐፍ እንደ ተገነጠለ መርምረው ሥራቸውን በ2004 ዓ.ም. አሳትመዋል። ከእነዚህ ስብከቶች መካከል ክፉን ስለሚሠሩ ሰዎች የሚናገረው ነው አሁን የምናወሳውን የያዘው።

በዚህ ስብከት አባ ሲኖዳ የሚገሥጻቸው ሰዎች ሰማዕትን የሚንቁ አይደሉም። በሕልም ታየን፥ መብራት በራ እያሉ ስሙ የማይታወቀውን ሙት ሁሉ ሰማዕት የሚያደርጉ፥ በአጥንቱም ላይ ቤት የሚሠሩለት ናቸው። ለእነርሱም የሚያቀርበው ጥያቄ አንድ ገበሬ ሊጠይቀው የሚችል ቀላል ጥያቄ ነው፤ በምድር ውስጥ የተቀበሩት ሰማዕታት ብቻ ናቸውን? የሌላው ሙት ሁሉ አጥንት ወዴት ሄደ? ይህን ሲል የሰማዕታትን ክብር መንካቱ አልነበረም። ሌባው፥ ጣዖት አምላኪው፥ ደግሞም ማንነቱ የማይታወቅ መንገደኛ በሰማዕት ስም ሲጠራ የሚዋረደው ሰማዕቱ ነው። አለቃ የሌለው ሕልምም ለጋኔን የተከፈተ በር እንደ ሆነ ያስጠነቅቃል። ከዚህም አልፎ አጥንቱን ወደ ቤተ ክርስቲያን አስገብቶ ማኖርን አልወደደም፤ ቤቱ በክርስቶስ ስም የታነጸ ስለ ሆነ ሰማዕቱም ክብሩን ያገኘው ከእርሱው ነው ይላል።

ስማቸውና ስፍራቸው የታወቀ ሰማዕታትን በዓል በተመለከተ ግን ትምህርቱ ሌላ ነው። ወደ ሰማዕት መካን ሄዶ መጸለይ፥ መዝሙር መዘመር፥ መጽሐፍ ማንበብ፥ በፍርሃትም ቅዱስ ቍርባን መቀበል መልካም ነው ይላል። ነገር ግን በዚያው ስፍራ ገበያ ማቆም፥ መብላትና መጠጣት፥ መሳቅና መጨፈር፥ ከዚያም ወደ ዝሙት መድረስ ሰማዕቱ ደሙን ያፈሰሰበትን ነገር መሻር ነው። በዓለ ንግሥ ደርሰን በቤተ ክርስቲያኑ ዙሪያ የሚደረገውን ያየን ሁላችን ይህ ተግሣጽ የሩቅ አገር ወሬ ነው ለማለት አንደፍርም።

በሌላ ስብከቱ ደግሞ የእባብ ራስ በእጃቸው፥ የአዞ ጥርስ በክንዳቸው፥ የቀበሮ ጥፍር በእግራቸው አስረው ስለሚሄዱ በሽተኞች ይናገራል። የቀበሮውን ጥፍር ለአንድ ሹም ማን እንደ ሰጠው በጠየቀ ጊዜ የተመለሰለት መልስ ይበልጥ አሳዘነው፤ የሰጠው ጠንቋይ ሳይሆን ታላቅ የተባለ መነኮስ ነበር። ሌሎችም ከካህናትና ከመነኮሳት ዘይት እየተቀበሉ ከጥንቆላ ጋራ ያደባልቁት ነበር። ይህን ያመጣነው ከዐፅሙ ነገር ጋራ አንድ ሥር ስላለው ነው። መነኮሱ ጥፍሩን ሲሰጥ የሹሙን ወዳጅነት አትርፎ ይሆናል፤ ሕልም አየሁ ባዩም ለመንደሩ መባ የሚገባበት ቤት አስገኝቷል። በእኛም አገር ክታብ የሚሸጠው ሰው የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ያለው መሆኑን ስለምናውቅ በአባ ሲኖዳ ኀዘን ልንሳተፍ እንችላለን።

እንግዲህ የተከራካሪዎቹንም ወገን እናስብላቸው፤ ሁሉን አታላይ ማለት ፍርድ አይሆንም። የአክሚም ገበሬ ልጁ ሲታመም የሚሄድበት ሐኪም ብዙ ጊዜ አልነበረውም። አባቱ ወደ ጣዖት ቤት ሄዶ ስለ ነገሩ ይጠይቅ ነበር፤ ያ ቤት አሁን ተዘግቷል፥ ጣዖታቱም ተሰብረዋል፤ ከሰባሪዎቹም አንዱ አባ ሲኖዳ ራሱ ነው። ታዲያ ይህ ሰው በመንደሩ ሰማዕት ተገኘ ሲባል ቢሮጥ ምን ይደንቃል? ካህኑስ ሕዝቡ ወደ ጣዖት ከሚመለስ ወደ ሰማዕት ቢመጣ ይሻላል ብሎ ቢያስብ? ትውፊት እንደሚለውና በ7ኛው መቶ ዓመት ሶፍሮንዮስ ዘኢየሩሳሌም እንደ ጻፈው፥ ቅዱስ ቄርሎስ ራሱ በምኑቲስ የነበረውን የኢሲስ የፈውስ ቦታ ለማጥፋት የቅዱሳን የአቡቂርንና የዮሐንስን ዐፅም ወደዚያ አፍልሷል፤ ይህንም ያደረገው በራእይ ታዝዞ ነው ይባላል። ቄርሎስና ሲኖዳ በ431 ዓ.ም. በኤፌሶን በአንድ ወገን የቆሙ፥ በሃይማኖት አንድ የሆኑ አባቶች ናቸው። አንዱ የዐፅምን ፍልሰት ለወንጌል መሣሪያ አደረገው፥ ሁለተኛው ከዐፅም ጋራ የሚመጣውን ስሕተት ፈራ። ይሁን እንጂ በእኛ አስተያየት በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት እንደሚመስለው ሰፊ አይደለም። ቄርሎስ ያፈለሰው በእስክንድርያ በቅዱስ ማርቆስ ቤተ ክርስቲያን ተቀብሮ የነበረውን፥ ምእመናን ስሙን የሚያውቁትን ዐፅም ነው፤ ያፈለሰውም በጵጵስና ሥልጣኑ ነው። ሲኖዳ የተቃወመው ምስክር የሌለውን ነው።

በዚያው ዘመን በሌላም አገር እንዲህ ያለው ጥያቄ ተነሥቷል። ንጉሡ ቴዎዶስዮስ በ386 ዓ.ም. የተቀበረ ሥጋ ከስፍራው እንዳይዛወር፥ የሰማዕትም ሥጋ እንዳይከፋፈልና እንዳይሸጥ በሕግ ከለከለ፤ የማይሸጥ ነገር በሕግ አይከለከልምና ንግዱ ነበረ ማለት ነው። በ401 ዓ.ም. በቅርጣግና የተሰበሰቡ ጳጳሳት በሕልምና በከንቱ ራእይ ምክንያት በየሜዳውና በየመንገዱ የሚቆመውን የሰማዕት መታሰቢያ ነቀፉ፤ ሥጋው ወይም ዐፅሙ በእርግጥ ያልተገኘበት ቢቻል እንዲፈርስ ወሰኑ። በ406 ዓ.ም. ደግሞ ቢጊላንጥዮስ የሚባል የጋልያ ቄስ ዐፅምን ማክበርን ጨርሶ አመድ ማምለክ ነው ብሎ ቢነቅፍ ሄሮኒሞስ ከቤተ ልሔም በቍጣ መለሰለት። አባ ሲኖዳ ከዚህ ቄስ ጋራ የሚቈጠር አይደለም። ቢጊላንጥዮስ እውነተኛውንም ዐፅም አላከበረም፤ ሲኖዳ ግን እውነተኛውን ስለሚያከብር ሐሰተኛውን ጠላ።

እውነተኛው ዐፅም ክቡር መሆኑ በመጽሐፍ የተረጋገጠ ነው። በኤልሳዕ ዐፅም የተነካ ሙት ተነሥቷል። ሙሴም ከዚያው ከግብጽ ሲወጣ የዮሴፍን ዐፅም ይዞ ወጥቷል፤ እስራኤልም በሴኬም ቀብረውታል። ነገር ግን የዮሴፍ ዐፅም በሕልም የተገኘ አልነበረም፤ እርሱ ራሱ ወንድሞቹን አምሎ ያስረከበው፥ ልጅ ከአባት እየሰማ የጠበቀው ነው። እኛም ግንቦት 12 ቀን የአቡነ ተክለ ሃይማኖትን ፍልሰተ ዐፅም ስናከብር፥ ከዕረፍቱ 57 ዓመት በኋላ ያፈለሱት መቃብሩን የሚያውቁ የገዛ ገዳሙ ልጆች መሆናቸውን እናስታውሳለን። ስለዚህ ቤተ ክርስቲያን አባ ሲኖዳ ዐፅም በቤተ መቅደስ አይኑር ያለውን አልተከተለችም፤ ማንኛውም ዐፅም ይመርመር ያለውን ግን በብዙ አገር ሊቃውንቷ ይዘውታል። ከቅዱሳን አንዱ የተናገረው ሁሉ ሕግ ሆኖ እንደማይጸና፥ ሕግ ባይሆንም እንደማይጣል ከዚህ ይታያል።

አባ ሲኖዳ ለሙታን አጥንት የነበረውን ጥንቃቄ በሕይወት ላሉት ካሳየው ፍቅር ለይተን እንዳናየው አንድ ታሪክ እንጨምር። ከደቡብ የመጡ ወራሪዎች መንደሮችን በዘረፉ ጊዜ 20,000 የሚሆን ስደተኛ፥ ሴቱም ሕፃኑም፥ ወደ ገዳሙ ሸሸ። አባ ሲኖዳ ራሱ በጻፈው ላይ እንደሚገኘው ገዳሙ ሦስት ወር ሙሉ መገባቸው፤ ሰባት ሐኪሞች ቍስለኞችን አከሙ፤ 94 ሰዎች ሞተው በገዳሙ ተቀበሩ፤ 52 ሕፃናትም በዚያው ተወለዱ። ይህን ሁሉ በቍጥር ማስቀመጡን ልብ እንላለን። እነዚያን 94 ሙታን የቀበራቸው መነኮስ ማን እንደ ነበሩ ያውቅ ነበር። ከመቶ ዓመት በኋላ አንድ ባለ ሕልም ያንን መሬት ቢቈፍር ግን ስንት ሰማዕት ባገኘ ነበር!

በ5ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ዛሬም ድረስ የቆመው ታላቁ የገዳሙ ቤተ ክርስቲያን በኖራ ድንጋይ ታነጸ። ርዝመቱ 75 ሜትር ያህል ነው፤ ግንቡ እንደ ጥንት የግብጽ መቅደሶች ወደ ላይ እየጠበበ ይወጣል፤ ብዙው ድንጋይም ከፈረሱት የጣዖት ቤቶች የመጣ ነው። አባ ሲኖዳ ይህን አይቶ፥ የ451 ዓ.ም. የኬልቄዶንንም ሁከት ሰምቶ፥ በ465 ዓ.ም. ገደማ ሐምሌ 7 ቀን ዐረፈ። ዕድሜው 118 ዓመት እንደ ነበረ ይነገራል። ገዳሙንም አባ ዊሳ ተረከበ።

የእርሱ ሥጋ ምን ሆነ? በ12ኛው መቶ ዓመት መጨረሻና በ13ኛው መጀመሪያ የተጻፈው፥ ስለ ግብጽ አብያተ ክርስቲያናትና ገዳማት የሚናገረው የዐረብኛ መጽሐፍ ይህን ይነግረናል። ልጆቹ ሥጋውን በሣጥን አድርገው ሲያከብሩት ኖሩ፤ ማንነቱን የሚያውቁት፥ ከአባት ወደ ልጅ የተረከቡት ዐፅም ነበርና። በ12ኛው መቶ ዓመት ግን የሺርኩህ ሠራዊት ወደ ላይኛው ግብጽ በወጣ ጊዜ ወታደሮች ሣጥኑን ሰበሩት። መነኮሳቱም የአባታቸውን ሥጋ አንሥተው በመሠዊያው አጠገብ በሚገኝ፥ ቅዳሴ በማይደረግበት ክፍል፥ ከምድር በታች ሰወሩት።

በ2002 ዓ.ም. በዚያው ገዳም ግቢ በተደረገ ቍፋሮ ግንቡ በቅዱሳን ሥዕል የተሸለመ አነስተኛ የምድር ውስጥ የመቃብር ክፍል ተገኘ። በሥዕሉ ላይ የአባ ሲኖዳ ስም ተጽፎ ስለ ተገኘ ሊቃውንቱ የመጀመሪያ መቃብሩ ይህ ነው ብለዋል። ይህን ያሉት ግንቡን፥ ሥዕሉንና ጽሕፈቱን ዓመታት ወስደው ከመረመሩ በኋላ ነው።